የቅዳሜ ከሰዓት ወንፈል

የዐይን ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፤ ከታናሹ ልጄም ሳያንስ አይቀርም። መነጽሬን ወልውሎ አስቀመጠና መብራቱን በአንዱ ዐይኔ፣ ከዚያም በሌላው እያበራ ብዙ ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ «እማማ፣ ዐይንዎ ለዕድሜዎ ደኅና ነው፤ መነጽሩም ይበቃዎታል» አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። እኔ የሄድሁት ጥፋቱን በዐይኔ ላላክክ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድ መጽሐፍ እንኳ ጀምሬ መጨረስ አቅቶኛል። ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፤ ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ልጆቹ የየራሳቸውን ጎጆ ይዘዋል፤ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያዝዘኝ ሰው የለም። መጽሐፍ እገልጣለሁ፣ ሁለት ሦስት ገጽ እሄዳለሁ፣ ከዚያ ብድግ እልና የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ። «ዐይኔ ነው» እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር። ያ ልጅ ያችን ሰበቤን ነጠቀኝ።

ከክፍሉ ስወጣ፣ ወረፋ ከሚጠብቁት መካከል አንዲት ጎልማሳ ሴት ትክ ብላ አየችኝ። «እትዬ ዘውዴ አይደሉም?» አለች። እኔ አላወቅኋትም። «ስመኝ ነኝ፤ የጥሩወርቅ ልጅ» ስትለኝ አጠገቧ ተቀመጥሁ። የማውቃት ስመኝ፣ ነፋስ እንዳይወስደው በተሰጣ ልብስ ጫፍ ላይ የምናስቀምጣት ሕፃን ነበረች። እናቷ እትዬ ጥሩወርቅ እንደሞቱ ከዓመታት በፊት የነገረኝ ሰው ነበር፤ አምኜ የድርሻዬን አልቅሻለሁ። ይኸንኑ ስነግራት ስመኝ ሳቀች። «ኧረ አለች፤ አገሯ ዱርቤቴ ናት። ጉልበቷ ነው እንጅ እሷስ ደኅና ናት። ባሕር ዳር በመጣሁ ቁጥር ያችን ዘውዴን አገኘሻት ወይ እያለች ታደርቀኛለች» አለችኝ። ተራዋ ደርሶ ስትጠራ ስልክ ተቀያየርንና ተለያየን።

ወደ ቤቴ መሄድ አልሆነልኝም። የባጃጁን ልጅ ሐይቁ ዳር አውርደኝ አልሁት። ያኔ ልብስ እናጥብበት የነበረው ቦታ ዛሬ ድንጋይ ተነጥፎበት ሙሽሮች ፎቶ ይነሡበታል። ጭማቂ ቤት አለ፤ ሕፃናት በኪራይ መኪና ይሽከረከራሉ፤ ከዚያ ወዲያ ውኃው ላይ እምቦጩ አረንጓዴ ሆኖ ተኝቷል። ሲያዩት ያምራል፤ አልዋሽም። ግን ቆሜ የፈለግሁት ሌላ ነገር ነበር። አንድ ትልቅ ሾላ ነበር፤ ከሥሩ እስከ ውኃው ጥቋቁር ድንጋዮች ተደርድረው። እያንዳንዷ ሴት የራሷ ድንጋይ ነበራት፤ የእትዬ ጥሩወርቅ መሐሉ ጎድጎድ ያለው ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም ነበር። ከዘጌ በኩል እንጨት የጫኑ የደንገል ታንኳዎች ቀስ እያሉ ይመጣሉ። ቆሮሶ ዓሣ በስንጥር ተሰክቶ እየተንጠባጠበ ያልፋል፤ አንድ ስካ፣ አንዱ ስንጥር ማለት ነው፣ ሙሉ ቤት ያጠግባል፤ ዋጋውን ለዛሬ ልጆች ብነግራቸው ቀልድ ይመስላቸዋል። ሰዎች በብስክሌት ያልፋሉ፤ እግሩ የሰፋው ሱሪ ፋሽን ስለነበር ሰንሰለቱ እንዳይበላው ጫፉን በክር ያስሩታል። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ቡና ቤት ቴፕ ነበራት፤ ባለቤቷ ያሏት ካሴቶች ጥቂት ስለነበሩ አንዱ ዘፈን ሲያልቅ የሚከተለውን እኛ ቀድመን እንጀምረው ነበር። እና የእንዶዱ ሽታ። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ሳሙና አበባ አበባ ይሸታል፤ እንደ እርጥብ እንዶድ ግን ያን ዘመን የሚያመጣልኝ ሽታ የለም።

ያን ጊዜ ሦስት ልጆች ነበሩኝ፤ ትንሹ ገና ጡት አልጣለም። ቀን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። ሲመሽ ሂሳብ አያያዝ እማራለሁ። ባለቤቴ እዚያው ፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ ቱታው ግራሶ ጠጥቶ ብቻውን ይቆማል። ደግ ሰው ነው፤ ማታ ማታ ልጆቹን የሚያስተኛልኝ እሱ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አይገባውም፤ ልብ ወለድ። «ይኸ ፈተና ላይ ይመጣል?» ይለኛል። አይመጣም። ግን በዚያ ሁሉ ሩጫ መካከል የኔ ብቻ የሆነ ነገር ንባቡ ነበር፤ ደመወዜ የቤቱ ነው፣ ጡቴ የልጁ ነው፣ ትምህርቱም ቢሆን ለእድገት ብዬ የገባሁበት ነው። ስለዚህ ጊዜ እሰርቃለሁ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ አነባለሁ። ሽንኩርቱ እስኪበስል አነባለሁ፤ ስንት ወጥ አርሮብኛል። ክፍል ውስጥም መምህሩ ዞር ሲል የሂሳብ መጽሐፉን ከላይ፣ ልብ ወለዱን ከሥር አድርጌ አነባለሁ። መጽሐፍ የሚያከራይ ሰው ፖስታ ቤቱ ማዕዘን ላይ ነበር፤ ለሳምንት ስሙኒ፣ መያዣ አስይዞ። የሚያከራያቸው መጻሕፍት ሽፋን የላቸውም፤ ከመጀመሪያው ገጽም ብዙ ጊዜ ግማሹ የለም፤ ሰው ሁሉ «ያ የቀይዋ ልጅ»፣ «ያ የወታደሩ» እያለ ነበር የሚጠይቀው።

ልጄ ማሕሌት ዛሬ ባንክ ትሠራለች፤ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ስልኳ ውስጥ አሥራ ምናምን መጽሐፍ ጭናለች፤ አንዱንም አልጨረሰችም። ባለፈው ሳምንት ልጇን ጭኗ ላይ እያስተኛች «እማ፣ አንች ጊዜ ከየት አመጣሽ?» አለችኝ። «አላመጣሁም፤ ሰዎች ሰጡኝ» አልኋት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም፤ እኔም ሳላስረዳት ልጁ ነቃ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቅዳሜ ከሥራ የምወጣው ቀትር ላይ ነው፤ ከዚያ የሳምንቱን ልብስ ተሸክሜ ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ። አንድ ቅዳሜ የተከራየሁትን መጽሐፍ ሳፋው ውስጥ፣ ከባለቤቴ ቱታ ሥር ደብቄ ወረድሁ። አንድ ልብስ እፈትግና እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ ግማሽ ገጽ አነባለሁ፤ ደግሞ አንድ ልብስ። ልጁ ጀርባዬ ላይ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሳቅ አመለጠኝ። እትዬ ጥሩወርቅ ከድንጋያቸው ሆነው ቀና አሉ። ጎረቤቴ ናቸው፤ ከኔ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ይበልጣሉ፤ ባላቸው የፋብሪካው ዘበኛ ነበሩ። ምን እንዳሳቀኝ ጠየቁኝ። ዓይናዲስ የምትባል ልጅ ሊድሯት ሲሉ ሠርጉ ዕለት ሙሽራውን ጥላ በጓሮ መጥፋቷን፣ ሚዜዎቹም ድንኳኑ ውስጥ ይህን ሳያውቁ ጠላውን መጠጣታቸውን ነገርኋቸው። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ሳፋዬን ወደ ራሳቸው ጎተቱ።

«ከመጀመሪያው ጀምረሽ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው። ልብሱን ለኔ ተይው» አሉ። እኔ አፍሬ እንዴት ይሆናል፣ የሰው ግራሶ እንዴት ያጥባሉ ስላቸው፣ «ወንፈል አታውቂም? እኛ አገር አንዱ ያንዱን ያርሳል፣ ሌላው የሌላውን ያጭዳል። አንች ዐይንሽን ስጭን፣ እኛ ክንዳችንን እንሰጥሻለን» አሉኝ።

እንዲህ ተጀመረ። ሁለት ጎረቤቶቻችንም ገቡበት። ልብሴን ለሦስት ይካፈሉታል፤ ልጄን አንዷ ታዝላለች፤ እኔ ሾላው ሥር ተቀምጬ አነባለሁ። ሦስቱም ፊደል አይቆጥሩም ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ የዱርቤቴ የቅኔ መምህር ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ስንቱን ተማሪ አስተምረው ሴት ልጃቸውን ግን አላስተማሩም፤ እሳቸው ከግድግዳው ወዲያ ሆነው ሰምተው ያገኙት ዳዊት ብቻ ነው። ቅዳሜን እንደ እሑድ ከሚያከብር ቤት ወጥተው ቅዳሜ ልብስ ማጠባቸውን ሲያስቡት ያማትባሉ፤ «ከተማ ነው ያከፋኝ» ይላሉ፤ ደግሞ ወደ ማጠቡ ይመለሳሉ። ቅዳሜው ከትልቅ በዓል ጋር የዋለ እንደሆነ ግን ወንፈሉ ቀረ፤ ልብስ ካልታጠበ ንባብ የለም። እነዚያ ቅዳሜዎች እንዴት ይረዝሙብኝ ነበር! መጽሐፉ እቤቴ ተቀምጦ ብቻዬን ማንበብ ደግሞ ክህደት ስለሚሆንብኝ አልገልጠውም።

አንዷ የቀረች እንደሆነ ያመለጣትን የሚተርኩላት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። እሳቸው ሲተርኩት ግን ነገሩ ይለወጣል። እኔ በቅሎ ያነበብሁት በሳቸው አፍ ፈረስ ይሆናል፤ ዓይናዲስ በመጽሐፉ ውስጥ በረኃብ ያለፈችበት መንደር እሳቸው ጋ ሲደርስ አንዲት ደግ ሴት ተገኝታ ታበላታለች። እንዲህ አይልም ብላቸው፣ «ልጅቱን ሁለት ቀን ሙሉ ጦሟን ላሳድራት?» ይሉኛል። እውነቱን ልናገርና የሳቸው ይሻል ነበር።

መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል የኔ ፈተና ደረሰ። መሥሪያ ቤቱ የሚያስተምረኝ ካለፍሁ ብቻ ነው፤ ከወደቅሁ ትምህርቱም እድገቱም ቀረ ማለት ነው። በልቤ ፈርቻለሁ፤ ለማንም ግን አልተናገርሁም። ባለቤቴ ይመስለኛል ለእትዬ ጥሩወርቅ ሹክ ያለው። በቀጣዩ ቅዳሜ ሾላው ሥር ተቀምጬ ዓይናዲስን ስገልጥ ከእጄ ላይ ወሰዱት። በነጠላቸው ጠቅልለው ጉያቸው ከተቱት። ፈተናውን እስክጨርስ ሣጥናቸው ውስጥ ቆልፈው እንደሚያስቀምጡት ነገሩኝ። ልብሱስ ብላቸው ልብሱ እንደሚታጠብ፣ እኔም እንደማነብ፣ ግን የሂሳቡን እንደሆነ አስረዱኝ። የሂሳቡ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው። ምን ይሠራላችኋል ብል አልሰሙኝም። «አንች አንብቢ እንጅ፣ እኛ የጀመርነውን ወንፈል አናፈርስም» አሉ።

ይኸውና ስንት ቅዳሜ ያን ደረቅ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ሐይቁ ዳር ጮክ ብዬ አነበብሁ። ዴቢት በግራ፣ ክሬዲት በቀኝ። ለነሱ ለማስረዳት ስል ለራሴ ያልገባኝ ነገር ይገባኝ ጀመር። እትዬ ጥሩወርቅ ቱታውን ድንጋይ ላይ እየደበደቡ በጽሞና ያዳምጣሉ፤ አንድ ቀን «እነዚህ ሁለቱ እስከ መቼ ነው እንዲህ ጀርባ ተሰጣጥተው የሚቆዩት?» አሉኝ። ወር ሲያልቅ እኩል ካልሆኑ ስሕተት አለ ማለት ነው ስላቸው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው «ጥሩ ነው፤ ብዙ ባልና ሚስት ይህን ያህል አይሞክርም» አሉ። ፈተናው ላይ ጥያቄው ሲመጣልኝ በጆሮዬ የሰማሁት የሳቸውን የልብስ ድብደባ ነው። አለፍሁ። ውጤቱን ያየሁ ዕለት ቢሮ ሳልመለስ በቀጥታ ወደሳቸው ሮጥሁ፤ ደጃፋቸው ላይ አቅፈውኝ አለቀሱ። ከዚያ ሣጥኑን ከፍተው ዓይናዲስን ሰጡኝ።

የቀረን ትንሽ ነበር፤ የአንድ ቅዳሜ ንባብ። ያ ቅዳሜ አልደረሰም። ጊዜው እንደምታውቁት ክፉ ነበር፤ ሰው ሳይሰናበት ይሄዳል፣ የሄደው ወዴት እንደሄደ አይጠየቅም። ዓርብ ከሥራ ስመለስ የእትዬ ጥሩወርቅ በር ተቆልፎ አገኘሁት። ባላቸው ከዘበኝነቱ ተሰናብተው ቤተሰቡን ይዘው በጠዋት ወደ አገራቸው መሄዳቸውን ሰማሁ። በማግስቱ ልብሴን ራሴ አጠብሁ። ሌሎቹ ሁለቱም ነበሩ፤ ግን ማናችንም መጽሐፉን አላነሣነውም። ሰኞ በምሳ ሰዓት ግምጃ ቤቱ ጥግ፣ በጥጥ እስር ላይ ተቀምጬ መጨረሻውን አነበብሁ። ዓይናዲስ ትሞታለች። ልማር ብላ የጠፋችለት ትምህርት ቤት ደጃፍ ደርሳ፣ ሳትገባ፣ በንዳድ ትሞታለች። አለቀስሁ፤ ለልጅቱ ይሁን ለእትዬ ጥሩወርቅ እንጃ። ብዙም ሳይቆይ አከራዩም ሱቁን ዘግቶ ጠፋ፤ መጽሐፉ በመያዣዬ እኔው ዘንድ ቀረ። ከዚያ እኛም ወደ ሌላ ከተማ ተዛወርን፤ የልጆች ትምህርት፣ የባል ሕመም፣ ዓመቱ እንደ ውኃ ሄደ። ባሕር ዳር ስመለስ ሾላውም የለም፣ የሳቸውንም መሞት ነገሩኝ።

ስመኝን ባገኘኋት በሦስተኛው ቀን መጽሐፉን ሻሽ ውስጥ ጠቅልዬ ዱርቤቴ ወረድሁ። እትዬ ጥሩወርቅ ደጃፋቸው ላይ፣ አጎዛ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይዳምጣሉ፤ ፍሬውን በመዳመጫዋ ብረት እየገፉ ከጥጡ ያወጣሉ። ትንሽ ሆነዋል። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። «ቆየሽ» አሉ፤ ሌላ ነገር አላሉም። እኔም መጽሐፉን አወጣሁ። መጨረሻውን ላነብላቸው እንደመጣሁ፣ ሳናነበው መቅረታችን እስከ ዛሬ እንደሚቆጨኝ ነገርኋቸው። ተቀብለው ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት፤ ያበጡ ጣቶቻቸውን ገጹ ላይ አሳለፉ። ከዚያ መለሱልኝ።

«ተይው። እኔ ጨርሸዋለሁ» አሉ።

እንዴት አልኋቸው፤ ነገሩኝ። ዱርቤቴ በገቡ ሰሞን ጥጥ የሚያባዝቱት ጎረቤቶቻቸው የከተማ ወሬ አምጭ እያሉ ቢያስቸግሯቸው የዓይናዲስን ታሪክ ጀመሩላቸው። ካቆምንበት ሲደርሱ ሴቶቹ ከዚያስ አሉ። አላውቅም ማለት አሳፈራቸው፤ ትንሽ ትንሽ እያሉ ቀጠሉት። ይኸው እነዚያ ሴቶች አርጅተው፣ ልጆቻቸው ደግሞ ይሰሙታል። እንግዲያው ለኔም ይንገሩኝ አልኋቸው። ከጥጡ ክምር ግማሹን ወደኔ ገፉልኝ፤ «እጅሽን ባዶ አታስቀምጭ» አሉ። ነጠላዬን አውርጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁና ፍሬውን በጣቴ መልቀም ጀመርሁ።

በሳቸው ዓይናዲስ በታንኳ ሐይቅ ትሻገራለች፤ መጽሐፉ ውስጥ ሐይቅ የለም። ዘንባባ ካለበት ከተማ ትደርሳለች፤ ፋብሪካ ትቀጠራለች፤ ሲመሽ ትማራለች። ባል ታገባለች፤ ባሏ ደግ ነው፣ ቱታው ግን ግራሶ ነው። ሦስት ልጆች ትወልዳለች። እዚህ ሲደርሱ እጄ ቆመ። እሳቸው ወደኔ አላዩም፤ ብረቷን እየገፉ መተረካቸውን ቀጠሉ። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ስለሞተችው ልጅ ምንም አልተናገርሁም። መቼም አልናገርም።

«ከዚያስ?» አልሁ።

«ከዚያማ ተማረች። ልጆቿን ለወግ ለማዕርግ አበቃች። አሁን አርጅታለች፤ ጊዜው ሁሉ የሷ ነው። ቁጭ ብላ ታነባለች።»

«ለማን?» አልኋቸው።

ብረቷን ጥጡ ላይ አስቀመጡ። ወደ መንገዱ፣ ወደ ባሕር ዳር በኩል አዩ።

«እሱ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ይጠፋብኛል» አሉ። ከዚያ ብረቷን መልሰው አነሡና፣ ወደኔ ሳያዩ፣ «ከባሕር ዳር እስከዚህ መኪና አይታጣም እኮ» አሉ።